ያበደች ሴት በመድረክ ላይ

ቴአትር መስተዋት ነው ይባላል። ነገር ግን የተጣመመ መስተዋት ቀናውንም ፊት ጠማማ አድርጎ ያሳያልና፥ ወጣት አንባቢ ሆይ፥ በመድረክ ያየኸውን ሁሉ ከማመንህ በፊት መስተዋቱን ራሱን መርምር። እኔም አሁን መመርመር የምፈልገው አእምሮዋ የታወከ ሴት በመድረክ ላይ እንዴት ሆና እንደምትታይ ነው።

በቻይና «የጠፈር ሰይፍ» የሚባል የታወቀ የዜማ ቴአትር አለ። ታሪኩ በጥንቱ የቺን መንግሥት ዘመን የሆነ ነው። ዣው ጋው የተባለ ክፉ ሹም የልጁን የያንሮንግን የባል ቤተ ሰብ በሐሰት ከስሶ ያጠፋል፤ ንጉሠ ነገሥቱ ልጂቱን በተመኛት ጊዜም ሊድርለት ይስማማል። እርስዋ ግን ድዳ ገረድዋ በእጅ ምልክት በመከረቻት መሠረት እብድ ትመስላለች። ጠጉርዋን ትበትናለች፥ ፊትዋን ትቧጭራለች፥ አባትዋን «ባሌ» እያለች ትጠራለች፤ በማግሥቱም ንጉሡን በዙፋኑ ፊት ትዘልፈዋለች። ይህን ቦታ በመጫወት የታወቀው ሜይ ላንፋንግ (በፈረንጅ አቆጣጠር 1894–1961) ወንድ ነበረ፤ በኛም አገር በመጀመሪያው የቴአትር ዘመን የሴትን ቦታ ወንዶች ይጫወቱ ነበር።

ይህ ቴአትር ሁለት ምስጋና ይገባዋል። በዚያ ቤት ጤነኛ ሴት «እምቢ» ለማለት ሥልጣን እንዳልነበራት ያሳያል፤ መልካሙንም ምክር ሰው ሁሉ ከናቃት ከድዳይቱ ያወጣዋል። ነቀፋዬ ግን ይህ ነው፤ እብደቱ እንደ ካባ የሚለበስና የሚወልቅ ነው። ተመልካቹም የሚያደንቃት ጤነኛ መሆንዋን ስላወቀ ነው።

አሁን ደግሞ ጸጋዬ ገብረ መድኅን (1928–1998 ዓ.ም.) ወደ አማርኛ የመለሰውን የሼክስፒርን «ሐምሌት» እንመልከት። ሐምሌት እብድ ሲመስል ፈላስፋ ተብሎ ይከበራል። ኦፊልያ ግን አባትዋ ከተገደለ በኋላ በእውነት አእምሮዋን ስታ ትዘፍናለች፥ አበባ ታድላለች፥ በመጨረሻም ውሃ ውስጥ ገብታ ትሞታለች። ንጉሡ «ጠብቋት» ብሎ ያዝዛል፤ ከውሃው የሚያድናት ግን አይገኝም። ሞትዋም ባማረ ቃል ስለ ተነገረ ተመልካቹ አልቅሶላት ወደ ቤቱ ይሄዳል።

እንግዲህ አንዲቱ አስመሳይ ናት፥ ሁለተኛይቱ የጠፋች ናት። ታማ፥ ታክማ፥ ድና ወደ ቤትዋ የምትመለሰዋ ሦስተኛይቱ ሴት ከሁለቱም መድረክ የለችም። በሕይወት ግን አለች። እኔ በምኖርበት በቁስቋም በኩል ሰዎች የታመመባቸውን ዘመድ ይዘው ወደ እንጦጦ ጠበል ሲወጡ ይታያል፤ ወደ አማኑኤል ሆስፒታል የሚወስዱም ብዙዎች ናቸው። ድነው ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ፥ ሥራቸውን የሚሠሩ እናቶችና እኅቶች በየሰፈሩ አሉ።

ይህ ጉድለት የቴአትር ብቻ ሆኖ ቢቀር ባልጻፍሁ ነበር። ነገር ግን የሁለቱ መድረክ ስሕተት በሰፈራችንም ይገኛል። አንዱ የታመመችውን «ሆን ብላ ነው» ብሎ ይቈጣታል፥ ይመታታል፤ ሌላው «እርስዋ አብቅቶላታል» ብሎ ይተዋታል። የፊተኛው በዱላ፥ የኋለኛው በዝምታ ይጐዳታል።

ስለዚህ ወጣት ሆይ፥ ቴአትር ስታይ «ይህች ሴት ብትድን ኖሮ ደራሲው ምን ያደርጋት ነበር?» ብለህ ጠይቅ። ብዕር የያዝህ እንደ ሆነም ሦስተኛይቱን ሴት ጻፋት። ደራሲ ባትሆን እንኳ ጎረቤትህ ከሕክምና ስትመለስ ከሁሉ አስቀድመህ ቡና ጠጪ ብለህ ጥራት።