ሺህ አረንጓዴ ምልክት ምን ያረጋግጣል?

መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የተፈጠረውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ለሰዓታት ያህል አንዳንድ ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ባንኩ በኋላ እንዳሳወቀው ያለአግባብ የወጣው 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ነበር። የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነ ገልጾም ችግሩን ከሲስተም ፍተሻና ማሻሻያ ሥራ ጋር አያያዘው።

ከዚያ በኋላ በሰፊው ያወራነው ስለ ተማሪዎች ሥነ ምግባር ነው። ዩኒቨርሲቲዎችም «የወሰዳችሁትን መልሱ» የሚል ማስታወቂያ አወጡ። ተገቢ ነው፤ የሰው ገንዘብ የሰው ነው። ለምህንድስና ተማሪ ግን ሌላው ጥያቄ ይበልጣል፦ እንዲህ ያለ ሲስተም ከመነካቱ በፊት ምን ምን መፈተሽ አለበት? ፍተሻዎቹስ እንዴት ይደራጁ?

የተለመደው መልስ ቁጥር ነው። «ሁለት ሺህ አውቶማቲክ ፍተሻ አለን፣ ሁሉም አረንጓዴ ነው» ይባላል። እኔ የምተቸው ይህንን መልስ ነው።

ቡለን፣ ግልገል በለስ፣ አሶሳ

እስቲ አንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር አስቡ። የሒሳብ መዝገቡ በሦስት ሰርቨሮች ላይ በሦስት ቅጂ ይቀመጣል፤ አንዱ ቡለን፣ አንዱ ግልገል በለስ፣ አንዱ አሶሳ። ቡለንና አሶሳ አንድ ክልል ውስጥ ቢሆኑም መሃላቸው አባይ አለ፤ መስመር ሊቋረጥ ይችላል። ባልና ሚስት በጋራ ሒሳባቸው 1,000 ብር አላቸው። ቡለን ከሁለቱ ጋር የሚያገናኛት መስመር በተቋረጠበት ሰዓት ሚስት ቡለን ላይ 800፣ ባል አሶሳ ላይ 800 ብር ጠየቁ። ሁለቱም ቦታ «እሺ» ከተባለ ከ1,000 ብር ላይ 1,600 ወጣ ማለት ነው።

መፍትሔው የታወቀ ነው፤ የብዙኃን ድምፅ። ከሦስቱ ሁለቱ ካልተስማሙ ምንም አይመዘገብም። አሶሳና ግልገል በለስ እየተገናኙ ስለሆነ ይፈቅዳሉ፤ ብቻዋን የቀረችው ቡለን ግን «መስመር ሲመለስ ይምጡ» ማለት አለባት። ያበሳጫል፣ ግን ገንዘቡ ይተርፋል።

አሁን ትንሽ ከበድ እናድርገው። መስመሩ ደህና ሳለ ከቡለን የተላከው የ400 ብር ጥያቄ አሶሳ ደርሶ ተመዘገበ፤ «ተመዝግቧል» የሚለው መልስ ግን መንገድ ላይ ጠፋ። የቡለኑ ስክሪን «አልተሳካም» ይላል። ሴትዮዋ እንደገና ሞከረች፣ ተሳካ። እጇ የገባው 400፣ ከሒሳቧ የተቀነሰው 800። ስህተቱ የት ላይ ነው? መልስ አለመምጣት «አልተሳካም» ተብሎ መተርጎሙ ላይ። በተበተነ ማከማቻ ውስጥ መልሱ ሁለት ብቻ አይደለም፤ «አዎ»፣ «አይ» እና «አላውቅም» አለ። ብዙው የፍተሻ ጥርቅም የሚፈትሸው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ነው።

ጥናቱ ያሳየውና ያላሳየው

በ2014 እ.ኤ.አ. የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ካሳንድራ፣ ኤችቤዝ፣ ኤችዲኤፍኤስ፣ ማፕሪዲውስና ሬዲስ በተባሉ አምስት ሲስተሞች ላይ ተጠቃሚዎች ሪፖርት ያደረጓቸውን 198 ብልሽቶች መርምረው ነበር። ከእነዚህ 98 በመቶው ሦስት ወይም ከዚያ ያነሰ ሰርቨር ላይ ሊደገም የሚችል ሆኖ ተገኘ። 77 በመቶው በትንሽ ዩኒት ቴስት ሊደገም ይችላል። ሲስተሙን ሙሉ በሙሉ ወይም በአብዛኛው ካወደሙት ከባድ ብልሽቶች ደግሞ 92 በመቶው የመጡት ሶፍትዌሩ ራሱ «ስህተት ተፈጥሯል» ብሎ ከተናገረ በኋላ ያንን ስህተት የሚያስተናግደው ኮድ ሥራውን ስላበላሸ ነው። ማስጠንቀቂያው መጥቷል፤ የተቀበለው አካል ነው ያጠፋው።

ይህ ትልቅ ግኝት ነው። ነገር ግን «77 በመቶ» የሚለውን ይዘው «እንግዲያው ትንንሽ ፍተሻ ይበቃል» የሚሉ ሰዎች ይቸኩላሉ። አንደኛ፣ ብልሽቱ ከታወቀ በኋላ የሚደግመውን ፍተሻ መጻፍ ሌላ፣ ሳይታወቅ መገመት ሌላ ነው። ከሆነ በኋላማ ሁሉም አዋቂ ነው። ሁለተኛ፣ የተቆጠሩት ሰው አይቶ ሪፖርት ያደረጋቸው ናቸው። ሲስተሙ ሲወድቅ ሁሉም ይጮኻል፤ ዝም ብሎ 400 ብር ሲጠፋ ግን የሚጮኽ ላይኖር ይችላል። ሦስተኛ፣ ከብልሽቶቹ ሩብ ያህሉ በተመሳሳይ ግብዓት ሁልጊዜ የማይደገሙ ነበሩ።

ታዲያ እንዴት ይደራጅ?

በኮዱ ክፍል ሳይሆን ለተጠቃሚው በተገባው ቃል። «የተመዘገበ አይጠፋም»፣ «አንድ ብር ሁለት ጊዜ አይወጣም»፤ እያንዳንዱ ቃል የራሱ የፍተሻ ቤት ይኑረው። ካይል ኪንግስበሪ በ2013 እ.ኤ.አ. የጀመረው ጄፕሰን የሚደነቀው ለዚህ ነው። የማከማቻው ባለቤት ቃል የገባውን ይይዛል፣ መስመር ይቆርጣል፣ ሰዓት ያዛባል፣ ከዚያ ቃሉ መጠበቁን ከታሪኩ ያጣራል። «አላውቅም» የሚለውንም መልስ ለብቻው ይመዘግባል።

ቀጥሎ በፍጥነት መለየት ነው። የስህተት ማስተናገጃ ኮድን የሚነኩ ፈጣን ፍተሻዎች ኮድ በተለወጠ ቁጥር ይሂዱ። ሦስት ሰርቨር አስነስተው መስመር የሚቆርጡት ሌሊት ሌሊት ይሂዱ። አሮጌና አዲስ ሶፍትዌር ጎን ለጎን የሚሠሩበት ፍተሻ ደግሞ ከማሻሻያ በፊት ግዴታ ይሁን፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይኸኛው ነው።

አንድ ልማድ ግን ጨርሶ ይቅር። ፍተሻ ሲወድቅ «አንዳንዴ እንዲህ ያደርገዋል» ብሎ አረንጓዴ እስኪሆን መድገም። አንዳንዴ የሚወድቅ ፍተሻ እኮ አንዳንዴ የሚጠፋ ገንዘብ ሊሆን ይችላል። ፋውንዴሽንዲቢን የሠሩት መሐንዲሶች ለዚህ ጥሩ መንገድ አሳይተዋል፤ ሰርቨሮቹን፣ ኔትወርኩንና ብልሽቱን በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ያስመስሉና የዕጣውን መነሻ ቁጥር ያስቀምጣሉ። በዚያው ቁጥር ሲጀመር ያው ብልሽት በዚያው ቅደም ተከተል ይመለሳል።

ይህን ለመሞከር ትልቅ ላብራቶሪ አያስፈልግም። ቡለንም ሆናችሁ አዲስ አበባ፣ አንድ ላፕቶፕ ላይ ሦስት ትንንሽ ፕሮግራሞች አስነሱ፣ መሃላቸውን ቁረጡ፣ መልሳችሁ አገናኙ፣ ከዚያ ድምሩን ቁጠሩ። 1,000 ብር ካልመጣ አንድ ነገር አገኛችሁ ማለት ነው። «ሁሉም አረንጓዴ ነው» ያላችሁ ሰው ሲገጥማችሁም እንዲህ በሉት፦ «መስመሩ ተቆርጦ እያለስ?»