ላልመጣ መልእክት የተተወ ቦታ

ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ሰባት ቤት ይቆጥራሉ። ከልጅ ወደ አባት፣ ከአባት ወደ አያት እያሉ ሲወጡ መሃል ላይ ስሙ የተረሳ ሰው ያጋጥማል። አዋቂ ቆጣሪ እዚያ ላይ አይደናገርም፤ ስም አይፈጥርም፤ ዘሎትም አያልፍም። «እዚህ ላይ አንድ ሰው አለ» ይልና ቦታውን ትቶለት ወደሚቀጥለው ይሻገራል። ስሙን የሚያውቅ ሰው ከመጣ በኋላ ይሞላል።

ይህን ጨዋነት በኮምፒውተር ሥራ ውስጥ አገኘዋለሁ ብዬ አልጠበቅሁም ነበር። ያገኘሁት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የድር ብራውዘር ውስጥ ነው፤ የዩዝኔትን የውይይት ቡድኖች ለማንበብ ተብሎ በተሠራው ክፍል።

ዩዝኔት ከድሩ በፊት የነበረ ነው። የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹ ቶም ትራስኮትና ጂም ኤሊስ እ.ኤ.አ. በ1979 አሰቡት፣ በሚቀጥለው ዓመት ሥራ ጀመረ። ማእከል የለውም። አንድ ሰው የጻፈው መልእክት ከአንዱ ሰርቨር ወደ ጎረቤቱ፣ ከጎረቤቱ ወደ ሌላው እየተቀዳ ይዳረሳል። እ.ኤ.አ. በ1986 በወጣው ኤንኤንቲፒ በሚባለው ደንብ የሰርቨሮቹ ንግግር እንዲህ ነው፦ አንዱ «ይህ መለያ ያለው መልእክት እኔ ዘንድ አለ» ይላል። ሌላው ካላየው «335» ብሎ «ላከው» ይለዋል፤ አስቀድሞ ደርሶት ከሆነ «435» ብሎ ይመልሰዋል። በቃ ይኸው ነው። ቅብብሉ ግን አንድ ጣጣ አለው። መንገዱ ብዙ ስለሆነ መልሱ ከጥያቄው ቀድሞ ሊደርስ ይችላል። ሰርቨሩም ቦታ ስለሚያጥረው የቆየውን እያጠፋ ይሄዳል። ስለዚህ አንባቢው ብራውዘሩን ሲከፍት የሚያገኘው ግማሹ ያልመጣ፣ ግማሹ የሄደ ጨዋታ ነው።

ሰንሰለቱን ለመቀጠል ያለው መረጃ አንድ መስመር ነው። እያንዳንዱ መልእክት የራሱ መለያ አለው፤ መልስ ከሆነ ደግሞ በራስጌው ላይ የቀደሙትን መልእክቶች መለያ ከመጀመሪያው እስከ ቅርብ ወላጁ በተርታ ይጽፋል። ዋቢ እንበለው። ዋቢው እንግዲህ የዘር ቆጠራ ነው፤ ግን እንደ ማንኛውም የዘር ቆጠራ የሚታመነው በልክ ነው። አንዳንድ ፕሮግራሞች መስመሩ ሲረዝምባቸው ከመሃል ቆርጠው ይጥሉ ነበር።

የኔትስኬፕ ናቪጌተር ሁለተኛ ዕትም እ.ኤ.አ. በ1996 ሲወጣ ኢሜይልንና የዜና ቡድኖችን ብራውዘሩ ውስጥ ይዞ መጣ። በግራ ቡድኖቹ፣ በቀኝ የመልእክቶቹ ዝርዝር፣ ከታች ጽሑፉ። ያን ክፍል የሠሩት ጄሚ ዛዊንስኪና ቴሪ ዋይስማን ነበሩ። ዛዊንስኪ በኋላ መልእክቶቹን በየወላጃቸው የሚያሰድረውን ዘዴ ጽፎ ለሕዝብ አወጣው፤ ማንም አንብቦ ሊሠራበት ይችላል። እኔም አንድ ቀን እርሳስና ወረቀት ይዤ ተከተልሁት።

አራት መልእክቶች ወሰድሁ፦ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ። እውነተኛው ትውልድ ሀ ለን፣ ለ ሐን፣ ሐ መን የወለደበት ነው። መጀመሪያ የመጣው ግን የሁሉም ታናሽ መ ነው፤ ዋቢው ላይ ደግሞ ለ ተቆርጦ ወድቋል፤ የተጻፈው «ሀ፣ ሐ» ብቻ ነው። ዘዴው ምን አደረገ? ሀንና ሐን አላያቸውም፤ ግን ስማቸው ስለተጠራ ለሁለቱም ባዶ ቦታ ሠራላቸው። ሐን ከሀ ሥር፣ መን ከሐ ሥር አስቀመጠ። ወረቀቴ ላይ ሁለት ባዶ ክብና አንድ የተሞላ ክብ አለ።

ቀጥሎ ሐ ራሱ መጣ። ቦታው ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል፤ ገብቶ ተቀመጠ። የራሱ ዋቢ ግን «ሀ፣ ለ» ይላል። አባቴ ሀ ሳይሆን ለ ነው ማለቱ ነው። እዚህ ላይ ነው እርሳሴን ያስቀመጥሁት። ዘዴው ሐን ከሀ ሥር ነቅሎ፣ ለ ለሚባለው አዲስ ባዶ ቦታ ሠርቶ፣ ሐን እዚያ ሥር አዞረው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ቀድሞ የነበረው ዝምድና ከሌላ ሰው አፍ የተሰማ ግምት ነበር፣ አሁን ባለቤቱ ራሱ መጥቶ ተናግሯል። የባለቤቱ ቃል የሰሚን ወሬ ይሽራል። በተረፈ ግን ከዋቢ መስመር ብቻ የተሰማ አዲስ ወሬ አስቀድሞ የተሠራን ዝምድና እንዲያፈርስ አይፈቀድለትም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ልጅን ተመልሶ የአባቱ አባት የሚያደርግ ማያያዣ በፍጹም አይታሰርም፤ በተበላሸ ወይም ሆን ተብሎ በተጣመመ ዋቢ ምክንያት እንዲህ ያለው ነገር ይመጣል፤ ቢታሰር ፕሮግራሙ በክብ ሲዞር ይቀራል።

በኋላ ሀም መጥቶ ቦታውን ያዘ፤ ለ ግን ጨርሶ አልመጣም። ሁሉም መልእክት ካለቀ በኋላ ዘዴው ባዶዎቹን ያጸዳል። ልጅ የሌለው ባዶ ይነሣል። ልጅ ያለው ባዶ ከሆነ ልጆቹ ወደ እሱ ደረጃ ከፍ ይላሉ፤ ስለዚህ ሐ ወጥቶ ከሀ ሥር ተቀመጠ። አንድ ባዶ ግን አይነካም፦ ከሁሉ በላይ ያለ ሆኖ ከአንድ በላይ ልጆች ያሉት። እሱ ቢነሣ ልጆቹ ባዳ ለባዳ ሆነው በዝርዝሩ ላይ ይበተናሉ። አባታቸው ባይገኝም ወንድማማች መሆናቸው ይታወቃልና፣ የአባታቸው ቦታ ባዶውን እንደተዘረጋ ይቆይላቸዋል። ይህን ደንብ ሳነብ የታየኝ ማታ ላልገባ ልጅ ድርሻውን በሰሐን ከድና የምታስቀምጥ እናት ናት።

ዋቢ የሌላቸውን በርዕሳቸው የሚያገናኘው ክፍልም አለ፤ በርዕስ መነሻ ላይ የሚደራረበውን «መልስ ለ» የሚል ምልክት እየላጠ ተመሳሳዮቹን ያሰባስባል። ጠቃሚ ነው፤ ግን ግምት ስለሆነ ዛዊንስኪ መጨረሻ ላይ ነው ያስቀመጠው፤ ቦታውም ያው ነው።

ከዚህ ሌላ ልቤን የሳበ ትንሽ ነገር አለ፤ የተነበበውን ካልተነበበው የሚለየው ፋይል። ኒውስአርሲ ይባላል፤ ከድሩ በፊት ከነበሩት ማንበቢያዎች ብራውዘሩ የወረሰው ነው። ለአንድ ቡድን አንድ መስመር ብቻ አለው። ለምሳሌ ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1991 የሊኑክስን ጅምር ባስታወቀበት በኮምፕ ነጥብ ኦኤስ ነጥብ ሚኒክስ ቡድን ፊት «1-4210, 4213» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ከአንድ እስከ 4210 ተነቧል፣ 4213ም ተነቧል፤ 4211ና 4212 ይቀራሉ ማለት ነው። የብዙ ወራት ንባብ ከአንድ የስልክ ቁጥር በማይረዝም መስመር! በማንኛውም የጽሑፍ ማረሚያ ከፍቶ በእጅ ማስተካከል ይቻላል። ጉድለቱ ቁጥሮቹ የአንድ ሰርቨር የግል ቁጥሮች መሆናቸው ነው፤ ሰርቨር የለወጠ ሰው ቆጠራውን ከአንድ ይጀምራል። ለሁሉም ቦታ የሚሠራው መለያው ብቻ ነው።

መንገዱ ራሱ ጠባብ ነበር። ዩዝኔት በተለምዶ ያሳልፍ የነበረው የእንግሊዝኛውን ሰባት ቢት ፊደል ነበር፤ ፊደላችን በዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ሴራ የሚባለውን አጻጻፍ አዘጋጁ። አማርኛውን በላቲን ፊደል አስፍሮ፣ ሳይዛባ ወደ ግዕዝ ፊደል ለመመለስ የሚያስችል ነው። ዘዴው በትልቅና በትንሽ ፊደል ልዩነት ላይ ቆሟል። ትንሹ ቲ ለተ፣ ትልቁ ቲ ለጠ፤ ትንሹ ኤስ ለሰ፣ ትልቁ ኤስ ለጸ። «ጠጅ» ብሎ ለመጻፍ የመጀመሪያው ፊደል ትልቅ መሆን አለበት፤ በትንሹ ከተጻፈ «ተጅ» ይሆናል። ዛሬ በስልካችን በላቲን ስንጻጻፍ ጠና ተን አንድ አድርገን እንጥላቸዋለን፤ አንባቢው ከዐውዱ ይረዳል ብለን። እነሱ ለአንባቢው ግምት አልተዉትም። ይህም ከዛዊንስኪ ሥራ ጋር አንድ ዓይነት እጅ ነው።

ብራውዘሩ ውስጥ የነበረው ማንበቢያ ከመጀመሪያውም ጎረቤት ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1995 ዴጃ ኒውስ መልእክቶቹን ሰብስቦ በድረ ገጽ ማስነበብ ጀመረ። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2001 ስብስቡን ገዛ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ሄንሪ ስፔንሰር በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ በማግኔት ቴፕ ያቆያቸውን የ1980ዎቹን መልእክቶች ጨምሮ የ20 ዓመቱን ለሕዝብ ከፈተ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ጉግል ከዩዝኔት አዲስ መልእክት መቀበልም ወደዚያ መላክም አቆመ፤ የድሮውን ማንበብ ግን ይቻላል። ተንደርበርድ እስከ ዛሬ ቡድኖቹን ያነባል። የማሰደሪያው ዘዴ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2008 በኢሜይል ሰርቨሮች ደንብ ውስጥ ገባ፤ መልእክቶቻችን በየጨዋታቸው ተያይዘው ሲታዩ ከጀርባ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ቆጠራ አለ።

ወረቀቱን እስካሁን አልጣልሁትም። የለን ክብ ደንቡ እንደሚለው በላጲስ አጥፍቼ፣ መስመሩን ከሐ በቀጥታ ወደ ሀ ስቤዋለሁ። ላጲሱ በደንብ ስላልያዘ ክቡ ፈዞ ይታያል።