ብዥ ያሉት እድምተኞች

ባለፈው ክረምት ለአንድ የሠርግ ፎቶግራፈር ጓደኛዬ ዌብሳይት ሠራሁለት። ሐዋሳ ውስጥ ዓመታት ሠርቷል፤ አሁን ግን "ሃይ ኤንድ" መሆን ፈልጓል፤ ማለትም በርካሽ ብዙ ሠርግ ላይ ከመሯሯጥ ወጥቶ ጥቂት ሠርግ በውድ መሥራት። ለዚያ ደግሞ የራሱ ስታይል ያስፈልገዋል፤ ሰው ፎቶውን አይቶ፣ ስሙን ሳያነብ፣ "ይሄማ የእሱ ነው" እንዲል። ሎጎ አሠርቷል፤ የኢንስታግራም ገጹን ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ቀለም አልብሶታል። የኔ ድርሻ ኮድ መጻፍ ብቻ ነበር። 40 ፎቶ መርጦ ሲልክልኝ ግን ዝም ብዬ መጫን አቃተኝ።

ፎቶዎቹ ያምራሉ፤ ይሄን አልክድም። አንዷን ልንገራችሁ። ፍቅር ሐይቅ ዳር ነው፤ ፀሐይ ልትጠልቅ ትንሽ ቀርቷታል። ሙሽሮቹ ግንባር ለግንባር ገጥመው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ከኋላቸው ያለው ሁሉ ቀልጦ ማር መስሏል። ሐይቅ መሆኑን የምታውቁት ስለነገርኳችሁ ነው እንጂ ጀልባ የለም፣ ዓሣ የሚበላ ሰው የለም፣ አባ ኮዳ የለም። ሐዋሳ ተነስቶ አባ ኮዳ ያልገባበት ፎቶ እንዴት እንደሚገኝ ራሱ ችሎታ ይጠይቃል! ቀጥሎ ያለችውን ፎቶ አየሁ፤ ያው ናት። ቀጥሎ፤ ያው።

እኔ ደግሞ ዳታ ካየሁ እጄ አያርፍም። ካሜራ ፎቶው ፋይል ውስጥ የሚጽፈው መረጃ አለ፦ ሌንሱ፣ አፐርቸሩ፣ ሰዓቱ። ትንሽ ስክሪፕት ጽፌ 40ዎቹን አስቆጠርኳቸው። 33ቱ በ85 ሚሊሜትር ሌንስ፣ አፐርቸሩ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ የተነሱ ናቸው። ለማታውቁት፦ እንዲህ ሲነሳ የሙሽራዋ ሽፋሽፍት አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ ሁለት እርምጃ ከኋላዋ የቆመችው እናቷ ግን ነጭ ጭጋግ ትሆናለች። ጓደኛዬ "ስታይሌ" ከሚለው ግማሹ ይሄ ነው። ሌላው ግማሽ በዶላር የተገዛ ፕሪሴት ነው፤ አንዴ ጠቅ ሲደረግ የፎቶውን ቀለም በሙሉ የሚቀይር ፋይል።

የዚያ ቀለም ዘር ማንዘር ቢቆጠር ካሊፎርኒያ ይደርሳል። ሆዜ ቪያ የሚባል የሠርግ ፎቶግራፈር ኮንታክስ 645 ካሜራ ይዞ፣ በፉጂ 400ኤች ፊልም ላይ ሆን ብሎ ብርሃን እያበዛ ያነሳ ነበር። ፊልሙ ብርሃን ሲበዛበት ለስለስ፣ ፈዘዝ ያለ ቀለም ይሰጣል። ለእሱ ይሄ በእርግጥ ስታይል ነበር፤ ገና ሳያነሳ የሚወስነው ነገር ነው። ፉጂፊልም በ2021 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ያንን ፊልም ማምረት ማቆሙን ሲያሳውቅ መልኩ ቀድሞ ፋይል ሆኗል፤ የፈለገ ሁሉ ይጭነዋል። ሐዋሳ ላይ ሲጫን ግን ነጭ ነገር ሁሉ ይቃጠላል። የኛ ሠርግ ደግሞ ምኑ ነጭ ያልሆነ አለ? ነጠላው፣ ሐበሻ ቀሚሱ፣ ጋቢው። የሸማኔው ሥራ ጠፍቶ ጥለቱ ብቻ አየር ላይ ተንሳፎ ይቀራል። የሙሽራው ፊትም ወደ ብርቱካን ይሄዳል።

ጓደኛዬ ላይ ለመፍረድ አይደለም። ኦርቶዶክሱ ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም ባለችው አጭር ጊዜ ይጋባል፤ ሐዋሳ ላይ ፕሮቴስታንቱ ብዙ ስለሆነ ጾም ሥራውን ጨርሶ ባይዘጋውም ጥር ያው ጥር ነው። ቅዳሜ ሠርግ፣ እሑድ ሠርግ፣ መሃል ላይ መልስና ቅልቅል እየገባ፣ ሺህ ፎቶ አንድ በአንድ በእጁ የሚያስተካክል ጀግና የለም። ደንበኛውም ፖርትፎሊዮ የሚያየው ስልኩ ላይ፣ በአውራ ጣቱ እየገፋ ነው። ጥፍር በምታክል ካሬ ውስጥ አንድ ጥርት ያለ ፊት ይታያል፤ ሃምሳ ሰው አይታይም። ብዥታው ይሸጣል። እኔም ብሆን ማስታወቂያ ብሠራ እሱን ነበር የምመርጠው።

ግን ሠርግ እኛ ጋ መቼ የሁለት ሰው ጉዳይ ሆኖ ያውቃል? ሽማግሌ ተልኮ፣ ዕድሩ ድንኳን ተክሎ፣ ዘመድ ከይርጋለም፣ ከዲላ፣ ከሻሸመኔ ተጠራርቶ ነው የሚደገሰው። ከዚያ ፎቶው ሲመጣ ያ ሁሉ ሰው የቀለም ጠብታ ሆኗል። እህቴ ስታገባ ያነሳት ሌላ ሰው ነው፤ እሱም ይሄው "ስታይል" ነበረው። አልበሟ ውስጥ አጎቴን የምለየው በሸሚዙ ቀለም ነው። ከሠርጉ በኋላ ሁለት ዓመት አልኖረም።

እንግዲህ ባክአፕ ላድርግለት ብዬ የጓደኛዬን ሃርድ ዲስክ ስገለብጥ ነው አንድ ፎልደር ያገኘሁት። ባህል አዳራሽ ያነሳው ሠርግ ነው። አዳራሹን ታውቁታላችሁ፤ የስብሰባም፣ የኮንሰርትም፣ የሠርግም ቤት ነው። እዚያ ውስጥ ሐይቅ የለም፣ የምትጠልቅ ፀሐይ የለም። ያለው ሰው ነው፤ በላዩ ላይ ዲኮር ሠሪዎቹ የሚያበሩት ወይን ጠጅ መብራት። ለፕሪሴት ከዚህ የባሰ ጠላት አይገኝም።

ፎቶዋ በ35 ሚሊሜትር፣ በአፐርቸር 5.6 የተነሳች ናት። ብርሃኑ ስላነሰ አሸዋ አሸዋ ትላለች። የቆመው ቡፌው ጎን ነው፤ ሰው ሰሃን ይዞ በሚጋፋበት። መሃል ላይ ሙሽራዋ አክስቷ ያጎረሰቻትን ጉርሻ አፏ ሞልቶ፣ ሳቋም መጥቶባት፣ በእጇ ከንፈሯን ይዛለች። እናቷ የልጇን ባለ ተረከዝ ጫማ አንጠልጥላ ሌላ ሰው ትጠራለች። በስተግራ ሁለት ሚዜዎች በሆነ ነገር ይከራከራሉ። ከሥር፣ ሁለት ወንበር ተገጣጥሞ፣ አንድ ሕፃን የአባቱን ኮት ለብሶ ተኝቷል። ሁሉም ጥርት ብለዋል። ዓይኔ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲሄድ አምስት ደቂቃ አለፈ። ያችን የሐይቅ ዳር ፎቶ ስንት ሰከንድ ነበር ያየኋት?

ፎልደሩ ውስጥ እንዲህ ያሉ ወደ ሃያ ነበሩ። ሌሎች ሠርጎች ውስጥም ፈልጌ አገኘሁ። ሁልጊዜ የሚቆመው ሰው የሚበላበት ወይም የሚጠብቅበት ቦታ ነው፤ ካሜራውን ደረቱ አካባቢ ያወርዳል፤ የሚያነሳው ሙሽራዋ ካሜራውን ስትረሳ ነው። ስሙን ሳላነብ "ይሄማ የእሱ ነው" ያልኩት እነዚህን ሳይ ነው።

ሴይዱ ኬይታ ባማኮ ላይ በ1948 እ.ኤ.አ. ስቱዲዮ ሲከፍት ከደንበኞቹ ጀርባ መጀመሪያ የሰቀለው የራሱን አልጋ ልብስ ነበር። ጨርቁን በየጥቂት ዓመቱ ስለሚቀይር ፎቶዎቹ መቼ እንደተነሱ የሚለየው በጨርቁ ነው። ፎቶው ላይ የስሙን ማኅተም ይመታ ነበር፤ ብራንዲንግ ካልን ይሄ ነው። ግን ማኅተሙ ባይኖርም ትለዩታላችሁ፦ የጨርቁ አበባና የቀሚሱ አበባ ፊት ለፊት ይጋጠማሉ፤ ሴትየዋ ግን በመሃላቸው አትጠፋም። ቀለም ስታይል አይሆንም እያልኩም አይደለም። የኛዋ አይዳ ሙሉነህ ቀይ፣ ሰማያዊና ቢጫዋን ከሩቅ ታውቋታላችሁ። እሷ ግን የሞዴሏን ፊት በቀለም ታስቀባለች፤ ለውሃ ሥራዋ ዳሎል ድረስ ወርዳለች። ቀለሙ ካሜራው ፊት ነው ያለው።

ይሄን ሁሉ ለጓደኛዬ ነገርኩት። ማኪያቶውን እያማሰለ ሰማኝና ሳቀ።

"የሚዜ ስልክ ያነሳው እኮ ነው የሚመስለው።"

"ሚዜ እዚያ ጋ አይቆምም። አንተ ነህ የቆምከው።"

"ስማ፣ ውድ የሚከፍለኝ ሰው አክስቱን እንዳጠፋለት ነው የሚከፍለኝ።"

መልስ አልነበረኝም፤ አሁንም የለኝም። ደንበኞቹን ከኔ በላይ ያውቃል፤ የቤት ኪራይ የሚከፍለውም እሱ ነው። አንድ ነገር ብቻ አልኩት፦ ያ የሐይቅ ዳር መልክ ያላቸው ሌሎች ሦስት ፎቶግራፈሮችን ገጽ ከፍቼ ከእሱ 40 ፎቶ ጋር ቀላቀልኩና "የራስህን ለይ" ብዬ ሰጠሁት። ሁለቴ ተሳሳተ። ሁለተኛው ላይ አልሳቀም።

ያም ሆኖ 40ዎቹ አልተቀየሩም። ብዙ ተከራክረን በመጨረሻ የጉርሻዋን ፎቶ 404 ገጽ ላይ፣ ሰው የሌለ አድራሻ ሲጽፍ የሚመጣው ላይ፣ እንዳደርጋት ፈቀደልኝ፤ ሙሽራዋንም ደውሎ አስፈቀዳት። ባለፈው ሳምንት የጎብኚዎችን ቁጥር ሳይ ሰው ከሁሉም ገጽ በላይ የሚቆይበት እሱ ገጽ ላይ ሆኖ አገኘሁት። ስክሪንሾት አድርጌ ላክሁለት። አይቶታል፤ እስካሁን አልመለሰልኝም።