ሃን፦ የሶማሌዎቹ የወተት ዕቃ

ከሐርጌሳ ከተማ ወጣ ሲሉ አገሩ የግመል አርቢ ነው። ሃንን የሰጠን ያ ኑሮ ነው። ሴቶች የዛፍ ሥርና ልጥ ፈትለው ጥቅጥቅ አድርገው ይሰፉታል፤ ወተት አያንጠባጥብም። የሚጸዳው በጭስ ነው፣ እኛ ቅሉን በወይራ እንደምናጥነው። ጭሱ ወተቱን ቶሎ ከመበላሸት ያቆየዋል፤ ጣዕሙንም እወደዋለሁ። ግመል ላይ ተጭኖ ቢጋጭ እንደ ሸክላ አይሰበርም። ሲያረጅ አፈር ይሆናል።

ሙሽሪት ጎጆ ስትወጣ እናቷና ዘመዶቿ ሰፍተው ያስይዟት ነበር፤ የወራት ድካም ያለበት ስጦታ! ሰፊዎቹ ካለፉ ስፌቱን ከማን እንማራለን? በሃን ፋንታ የሚገዛው የፕላስቲክ ጀሪካን ርካሽ ነው፣ አልክድም። ግን በፍም ሲታጠን ይቀልጣል፤ ለሙሽራስ ማን ጀሪካን ይሰጣል?