መስቀል የማያስፈራው ቫምፓየር

ሆን ብለው የተጋነኑ፣ እያስደነገጡ የሚያስቁ የቫምፓየር ፊልሞች ብዝኃነታቸው ሲመዘን አብዛኛው ሰው የሚጀምረው ከቆጠራ ነው፤ ስንት ጥቁር፣ ስንት ላቲኖ፣ ስንት ሴት አለበት? ቆጠራው ከንቱ አይደለም፤ ኋላ እመለስበታለሁ። የተሻለው ሚዛን ግን እዚያው በዘውጉ ውስጥ አለ። ቫምፓየር በሕግ የታሰረ ፍጡር ነው፤ መስቀል ያባርረዋል፣ ፀሐይ ታቃጥለዋለች፣ ካልጋበዙት ደጃፍ አያልፍም፣ የትም ቢሄድ የሬሳ ሣጥኑን ማስከተል አለበት። እነዚህ ሕጎች ለረጅም ዘመን የተሰፉት በአንድ ሰው ልክ ነበር፦ በነጩ፣ በክርስቲያኑ፣ ቤተ መንግሥት ባለው የአውሮፓ ባላባት ልክ። ስለዚህ አዲስ ዓይነት ሰው ወደ ታሪኩ ሲገባ መጠየቅ ያለበት ማንነቱ ከሕጎቹ አንዱን አናግቷል ወይ የሚለው ነው። ካላናጋ የተቀየረው ካባው ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1967 የወጣው የሮማን ፖላንስኪ «ዘ ፊርለስ ቫምፓየር ኪለርስ» ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ሻጋል የተባለው አይሁዳዊ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ተነክሶ ቫምፓየር ይሆናል፤ የቤቱ ሠራተኛ በድንጋጤ መስቀል ስታነሣበት ይስቅባታል፣ የተሳሳተው ቫምፓየር ጋ እንደመጣች ይነግራታል። ቀልዱ የሚሠራው ሻጋል አይሁዳዊ ስለሆነ ብቻ ነው፤ ሌላ ሰው ቢተካበት ይሞታል። ከዚህም የሚጠልቀው ቀጥሎ ያለው ነው። ሻጋል ሣጥኑን እየጎተተ መኳንንቱ ቫምፓየሮች ወደሚተኙበት ክፍል ሲገባ የእነሱ አሽከር አስወጥቶ በረት ውስጥ ይጥለዋል። በሙታን መካከልም ማዕረግና ማግለል አለ ማለት ነው፤ ይህንን ፊልሙ ያለ አንዳች ስብከት ነው የሚነግረን። ሻጋል ገንዘብ ወዳድና ሴት አሳዳጅ ሆኖ መሳሉ የቆየ የአይሁድ መዘባበቻ ነው የሚል ተቃውሞ ቢነሣ ተገቢ ነው፤ ይህ ከውጤቱ ይቀነሳል። የመስቀሉን ቀልድ ግን አያጠፋውም፤ እዚያ የሚሣቀው በሻጋል ሳይሆን ዓለም ሁሉ በአንድ እምነት ሕግ የሚተዳደር በሚመስለው ሰው ላይ ነውና።

«ብላኩላ» (1972) ከዚህ የበለጠ ፈታኝ ነው። ርዕሱ ተራ ፌዝ ነው፤ ፊልሙን ያዳነው ተዋናዩ ዊልያም ማርሻል ነው። በመጀመሪያው ጽሑፍ ገጸ ባሕርዩ አንድሩ ብራውን ይባል ነበር፤ ነጮች የጥቁርን ድምፅ እያስመሰሉ በተጫወቱት «ኤመስ ኤንድ አንዲ» የሬዲዮ ኮሜዲ ውስጥ የአንዲ ሙሉ ስም ማለት ነው። ማርሻል ተከራክሮ ሰውየውን ማሙዋልዴ የተባለ አፍሪካዊ ልዑል አደረገው። (የእኛ አንባቢ ፊልሙ ከመውጣቱ አራት ዓመት በፊት ሜክሲኮ ላይ ማራቶን ያሸነፈውን ማሞ ወልዴን ማስታወሱ አይቀርም፤ የፊልሙ ልዑል ግን አባኒ ከሚባል ምናባዊ ሕዝብ ነው።) ልዑሉ በ1780 ከሚስቱ ጋር ድራኩላ ዘንድ የሚሄደው የባሪያ ንግድ እንዲቆም ድጋፍ ሊጠይቅ ነው። ድራኩላ ይዘብትበታል፣ ይነክሰዋል፣ በገዛ ስሙ ላይ የተለጠፈ ስም ያወጣለትና ሣጥን ውስጥ ይቆልፍበታል። ከዚያ በኋላ የሬሳ ሣጥኑ የመኳንንት አልጋ አይደለም፤ ሰንሰለት ነው፤ ልዑሉም ባሕር አቋርጦ አሜሪካ የሚገባው እንደ ዕቃ ተጭኖ ነው። የቫምፓየሩ ጥንታዊ ሕግ የባርነት ታሪክ ሆነ። ያው ፊልም ግን ሣጥኑን ገዝተው ሎስ አንጀለስ ያደረሱትን የቤት ውስጥ ዲዛይነሮች፣ የተመሳሳይ ጾታ ጥንዶቹን፣ ለመሣቂያ አቅርቦ መጀመሪያ ይገድላቸዋል። አንዱን ሰው ሲያከብር ሌላውን የሚጥል ፊልም በአንድ ቃል «ጥሩ» ወይም «መጥፎ» ሊባል አይችልም፤ ሁለቱንም አብሮ መያዝ ነው።

«ቀልድ ነው፣ ምን ሚዛን ያስፈልገዋል?» የሚሉ አሉ። ቀልድ ሚዛን የሚያስፈልገው ዒላማ ስላለው ነው። የበለጠ የሚከብደው ተቃውሞ ግን ይህ ነው፦ ጥቁሩ ቫምፓየር ሁልጊዜ የዘሩን ታሪክ መሸከም አለበት? ለምን ዝም ብሎ ቫምፓየር አይሆንም? እውነት አለው። ቆጠራ ዋጋ የሚኖረውም እዚህ ላይ ነው። በዌስ ክሬቨን «ቫምፓየር ኢን ብሩክሊን» (1995) ዋና ዋናዎቹ ሁሉ ጥቁሮች ስለሆኑ ማንም ስለ ሌላው መልስ አይሰጥም፤ አገልጋዩ ጁሊየስ እየበሰበሰ ያስቃል፣ መርማሪዋ ሪታ ኮስታራ ናት፣ ቫምፓየሩ የኤዲ መርፊ ማክሲሚሊያን ደግሞ አታላይ ነው። ፊልሙ በጥቅሉ ይንዛዛል፤ ማክሲሚሊያን ሰባኪ መስሎ ምዕመናኑን ክፋት መልካም ነው እያሰኘ የሚያስጨበጭብበት ትዕይንት ግን ቤተ ክርስቲያኑን ከውስጥ የሚያውቅ ሰው ብቻ ሊሠራው የሚችል ነው።

በኦስማኒ ሮድሪጌዝ «ቫምፓየርስ ቨርስስ ዘ ብሮንክስ» (2020) ሁለቱ ሚዛኖች፣ ቆጠራውና ሕጉ፣ ይገናኛሉ። ጥቁርና ላቲኖ ልጆቹ ብዙ ስለሆኑ አንዱ ደፋር፣ ሌላው ፈሪ፣ ሦስተኛው መጽሐፍ አንባቢ መሆን ይችላሉ። ቫምፓየሮቹ ደግሞ ነጮች ናቸው፤ የሰፈሩን ሱቆች የሚገዛላቸውም «ኖስፌራቱ»ን በሠራው በሙርናው ስም የተሰየመ የቤትና ቦታ ኩባንያ ነው። ብሮንክስን የመረጡት ሰው ቢጠፋ ጠያቂ የለም ብለው ነው። እንደ አስፈሪ ፊልም ለስለስ ይላል፤ ትልልቅ ሰዎችን አያስደነግጥም። መግቢያው ግን የተዋጣለት ነው፦ የጥፍር ማስዋቢያ ቤቷን ሸጣ ከሰፈሩ ለመውጣት የተነሣች ሴት ትነከሳለች፤ የሽያጭ ውሉን ከፈረመች በኋላ።