«ባህል» የሚለው ቃልና የወናጎ ጓሮ

ስለ ሰው ልጅና ስለ ኅብረተሰብ የሚጽፍ ተማሪ «ባህል» እና «ተፈጥሮ» የሚሉትን ሁለት ቃላት ሳያነሣ አንድ ገጽ አይሞላም። ሁለቱም በመማሪያ መጻሕፍታችን እንደ ጎረቤት አገሮች ድንበር ተበጅቶላቸው ይገኛሉ፤ ይኸውም ሰው የሠራው ከዚህ፣ ሰው ያልነካው ከዚያ ነው። እኛም ይህን ድንበር እንደ እውነት ይዘን በዲላና በይርጋ ጨፌ መካከል ወደምትገኘው ወደ ወናጎ ሄድን።

በእጃችን የነበረው የመጠይቅ ቅጽ «የእርሻ መሬት» እና «ደን» የሚሉ ሁለት ዓምዶች ነበሩት። አንድ ሽማግሌ ገበሬ ስለ እርሻቸው ብንጠይቃቸው ከቤታቸው በስተጀርባ ያለውን ተዳፋት አሳዩን። ስለ ደኑ ብንጠይቃቸው ያንኑ ተዳፋት አሳዩን። ያልሰሙን መስሎን ድምፃችንን ከፍ አድርገን ደገምንላቸው፤ እሳቸውም «ልጆቼ፣ ሰምቻለሁ፤ ሌላ ቦታ የለኝም» አሉን። ማታ ቁጥሩን ስንደምር መሬታቸው እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ስሕተቱን በሳቸው አመካኝተን የደኑን ቁጥር ሰረዝነው። ዛሬ ግን ስሕተቱ የቅጹና የኛ እንደ ነበረ እናምናለን።

በዚያ ጓሮ ከላይ ዋንዛና ብርብራ ጥላ ይሰጣሉ፤ ከሥራቸው እንሰት፣ ከእንሰቱ ጋር ቡና፣ ዝቅ ብሎም ጎመንና ጎደሬ ይበቅላል። የዛፎቹ ቅጠል ረግፎ አፈሩን ያለማል፤ እንሰቱ ቆጮ ሆኖ ቤተሰቡን ይመግባል፤ ቡናው ወደ ገበያ ይሄዳል። ከመንገድ ላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው ጫካ ነው። ቀርቦ ለሚጠይቅ ግን ዛፎቹ ባለቤቱ ወይም አባቱ የተከላቸው፣ አለዚያም በራሳቸው ሲበቅሉ አይቶ የተዋቸው ናቸው። ታዲያ ይህን ከየትኛው ዓምድ እናግባው?

«ባህል» የሚለው ቃላችን «ብህለ» ከሚለው ግዕዝ የመጣ ነው፤ ትርጉሙም «አለ፣ ተናገረ» ማለት ነው። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ላደግን ለኛ ደግሞ ከዚህም ጠቦ የበዓል ልብስና ዘፈን ሆኖ ነበር። የፈረንጆቹ ቃል በላቲን መነሻው መሬትን ማረስና መንከባከብ ነው። በዚህ ረገድ (ብንቀናም ባንቀናም) ለወናጎ የሚቀርበው የነሱ ነው።

ሶንጎም እንዲሁ አስቸግሮናል። ሽማግሌዎች የሚመክሩበትና የሚፈርዱበት ሥፍራም ጉባኤም በመሆኑ፣ «ፍርድ» እና «አስተዳደር» በተባሉት ክፍሎች ሁለት ጊዜ ጻፍነው።

ዩኔስኮ በመስከረም 2016 ዓ.ም. የጌዴኦን ምድር በዓለም ቅርስነት የመዘገበው «ባህላዊ መልክዐ ምድር» በሚለው ክፍል ነው። ይህ ክፍል በ1985 ዓ.ም. የወጣ ሲሆን ኮንሶም በ2003 ዓ.ም. በዚሁ ገብቷል። ሁለቱን ቃላት ማጋባቱ ከመማሪያ መጽሐፋችን እጅግ ይሻላል። ሆኖም ቅርስ ስንል በልማድ ከቀደሙት ተቀብለን የምናስቀምጠውን ነገር ማለታችን ነው፤ ጓሮው ግን አይቀመጥም፣ በየዓመቱ ይሠራል። በዚህ አነጋገር ከሄድን እንሰቱን ነቅሎ ጫት የተከለ ወጣት ቅርስ አጥፊ ተብሎ ይወቀሳል። ወናጎ ሕዝብ እጅግ ከተጨናነቀባቸው ወረዳዎች አንዷ ናት፤ ወጣቱ ከአባቱ የደረሰው መሬት ጠባብ ነው፤ ቡና በዓመት አንድ ወቅት ሲለቀም ጫት ደጋግሞ ይቆረጣል። ወቀሳው ይህን አይቆጥርም።

በ1952 ዓ.ም. የጌዴኦ ገበሬዎች (ያን ጊዜ በመንግሥት ጽሑፍ «ደራሳ» ይባሉ ነበር) ምቸሌ ላይ ከባለመሬቶቹ ወገን ጋር ሲዋጉ የጠቡ መነሻ የቡና ምርት ድርሻ ነበር። ይህን «ኢኮኖሚ» በሚል ምዕራፍ፣ ጓሮውን «ባህል» በሚል ምዕራፍ ለይቶ ያነበበ ተማሪ፣ ነገሩ ስለ አንድ ቡና መሆኑን አያስተውልም። እኛም ለፈተና ያጠናነው እንዲህ ለይተን ነው።

ከመምህራኖቻችን አንዳንዶቹ፣ ጽንሰ ሐሳቦች ካልተለዩ ጥናት አይቻልም ይሉናል። ይህን አንክድም። የምንቃወመው ቅጹ ታትሞ ካለቀ በኋላ ወደ ሰዉ መሄዱን ነው፤ ባለቤቱ መሬቱን በምን በምን እንደሚከፍለው አስቀድሞ ቢጠየቅ ዓምዶቹ ሌላ ይሆኑ ነበር። በመጪው ክረምት ወደ ሽማግሌው ተመልሰን ይህንኑ ልንጠይቃቸው አስበናል፤ የሰረዝነውንም ቁጥር እናሳያቸዋለን።