«የለም» የተባለው ኮር

በፋይበር ሥራ ላይ ከምንይዛቸው መሣሪያዎች ሁሉ ቶሎ የሚለመደው አይደንቲፋየር ነው። መጠኑ ከእጅ ባትሪ ብዙም አይበልጥም። የመስታወቱን ክር፣ እኛ ኮር የምንለውን፣ አፉ ውስጥ አስገብተን ስንጫነው ብርሃን እየሄደበት ከሆነ ወደየት እንደሚሄድ በቀስት ያሳየናል፤ ካልሆነ ቀስቱ አይበራም። ክሩን መቁረጥም ሆነ ከመሣሪያው መንቀል አያስፈልግም። አዲስ የተቀጠረ ልጅ በግማሽ ቀን ይለምደዋል፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ ያምነዋል። እኔ ከጎንደር ተነሥቶ በዳባትና በደባርቅ በኩል ወደ አዲ አርቃይ በሚወርደው መንገድ ዳር ስሠራ እምነቴን ለሁለት ከፍዬዋለሁ። «አለ» ሲለኝ አብዛኛውን ጊዜ እቀበለዋለሁ። «የለም» ሲለኝ ግን ገና መጠየቅ እጀምራለሁ።

አሠራሩን ማወቅ ለዚህ ይረዳል። ብርሃኑ የሚጓዝበት የክሩ እምብርት ውፍረቱ 9 ማይክሮን ያህል ነው፤ ከመስታወት ልባሱ ጋር 125 ማይክሮን ይሆናል። ብርሃኑ እምብርቱን ለቆ የማይወጣው ጠርዙን በመታ ቁጥር ወደ ውስጥ እየተንፀባረቀ ስለሚመለስ ነው። ክሩ ከልክ በላይ ሲታጠፍ ግን ጠርዙን የሚመታበት ማዕዘን ይለወጥና ጥቂቱ ሾልኮ ይወጣል። በሊማሊሞ ጥምዝምዝ በአውቶቡስ የወረደ ሰው ነገሩን በትከሻው ያውቀዋል፤ ሾፌሩ መሪውን በጠመዘዘ ቁጥር ተሳፋሪው ወደ ውጭ ይገፋል። አይደንቲፋየሩም ክሩን ሆን ብሎ ያጥፈውና የሾለከውን ብርሃን በእጥፋቱ ግራና ቀኝ ባሉ ሁለት ጠቋሚዎች ይቀበላል። አንደኛው ከሌላው የበለጠ ከተቀበለ አቅጣጫው ታወቀ ማለት ነው።

ስለዚህ መሣሪያው መስመሩን ምንም አይነካም የሚባለው ሙሉ እውነት አይደለም። ከሚያልፈው ብርሃን ላይ ጥቂት ይቀንሳል። 1 ዴሲቤል ብቻ ቢወስድ እንኳ ከኃይሉ አንድ አምስተኛውን ወሰደ ማለት ነው። 1550 ናኖሜትር ላይ የሚሄደው ብርሃን ደግሞ በእጥፋት ላይ ከ1310 ናኖሜትሩ የበለጠ ይፈሳል። ጤነኛ መስመር ይህን ሳይሰማው ያልፋል፤ ተቀባዩ ጋ ሲደርስ ለጥቂት የሚተርፍ መስመር ግን በዚያች ቅጽበት ሊወድቅ ይችላል። አንድን ኮር እያመላለሱ መቆንጠጥ የማልወደው ለዚህ ነው።

የሚያስፈልገን መቼ ነው? በብዛት ክሎዠር፣ ማለትም ኬብሎች የሚቀጠሉበትን ሳጥን፣ ስንከፍት። አዲስ የሞባይል ማማ ወይም አዲስ የባንክ ቅርንጫፍ ከነባሩ ኬብል እንዲቀጠል ይታዘዛል፤ ጉድጓዱ ይከፈታል፣ ክሎዠሩ ይወጣል፣ ትሪው ሲገለጥ ፀጉር የመሰሉ ክሮች ተጠቅልለው ይታያሉ። ቀለማቸው ዐሥራ ሁለት ነው፤ ከሰማያዊ ይጀምርና ብርቱካናማ፣ አረንጓዴ፣ ቡናማ እያለ ይሄዳል። ወረቀቱ ላይ «ትርፍ» የተባለውን ፈልገህ ቁረጥና ቀጥል ነው ትእዛዙ። ዳሩ ግን ወረቀቱን የጻፈው ሰው ከሄደ ቆይቷል፣ ከእሱ በኋላም ክሎዠሩን የከፈተ አለ። በባትሪ መብራት ደግሞ ግራጫው ነጭ፣ ቡናማው ብርቱካናማ ይመስላል። የተሳሳተው ኮር ከተቆረጠ ሆስፒታሉ ወይም ዩኒቨርሲቲው ከመስመር ይወጣል፤ በገበያ ቀን ከሆነ ደግሞ በቴሌብር ልትከፍል ስልኳን ያወጣች ሴት ሽንኩርቱን መልሳ ታስቀምጣለች።

በሽቦ ዘመን ይህ ጭንቀት ቀላል ነበር። በምኒልክ ጊዜ ከአዲስ አበባ ሐረር 477 ኪሎ ሜትር ከተዘረጋው የስልክ መስመር አንስቶ፣ ሽቦ ሥራ ላይ መሆኑን መስሚያ አገናኝቶ በጆሮ መስማት ይቻል ነበር። የመስታወት ክር ለጆሮም ለዓይንም አይናገርም። አንድ ጊዜ ከዳባት ወጣ ብሎ ማሳቸው ዳር የምንቆፍርባቸው አንድ አባት አጠገባችን ቁጢጥ ብለው ሲያዩን ቆዩና፣ «ልጄ፣ መብራት አለው የምትሉት ይኸ ነው? በቀን ስለሆነ ነው የማይታየው?» አሉኝ። «አይ አባቴ፣ በሌሊትም አይታይም» አልኳቸው። «ታዲያ ካልታየ መኖሩን በምን አወቃችሁ?» ብለው ሳቁብን። ከብዙ ሥልጠና የተሻለ ጥያቄ ነበር።

የማይታየው 1310ም 1550ም ዓይናችን ከሚያየው ቀለም እጅግ የራቁ ስለሆኑ ነው። አደጋውም እዚያው ላይ ነው፤ ዓይን ስለማያየው አይጨፈንም፣ የተቆረጠ ጫፍ ወደ ዓይን ማስጠጋት ክልክል የሆነውም ለዚህ ነው። አንዳንድ ወጣቶች ብልሃት ያገኙ መስሏቸው ጫፉን በስልክ ካሜራ ያዩታል። የቴሌቪዥን ሪሞት ላይ ይሠራል፤ የሪሞቱ ብርሃን 940 ናኖሜትር አካባቢ ስለሆነ ካሜራው ይይዘዋል። የስልክ ካሜራ የተሠራበት ሲሊከን ግን ከ1100 ናኖሜትር ወዲያ ያለውን አያይም። ስክሪኑ ጨለማ ይሆናል፣ ልጁም «ላይት የለም» ይላል። ከሁሉም «የለም» የምፈራው ይህን ነው።

የአይደንቲፋየሩም «የለም» ብዙ ምክንያት አለው። ደባርቅ ከ2,800 ሜትር ከፍታ ላይ እንደመሆኗ የረፋድ ፀሐይዋ ጠንካራ ናት፤ በዚያ ብርሃን ውስጥ መሣሪያው የሚያደምጠው ሞገድም አለ። ክዳኑ ደኅና ካልገጠመ ጠቋሚው ይደናገራል፣ አንዳንዱ ያልነበረውን ያያል፣ አንዳንዱ የነበረውን ያጣል። ጋቢዬን ደርቤ በጥላው ሥር ስለካ ያየ ሁሉ ብርድ መስሎት ያዝንልኛል። ለባዶ ክር የተሠራውን አፍ ሽፋን ላለው ክር፣ ወይም በተገላቢጦሽ መጠቀምም ያው ነው፤ እጥፋቱ አይበቃም። ቁጥር የሚያሳየው ዓይነት ቢሆንም ቁጥሩ የመስመሩ እውነተኛ ኃይል አይደለም፤ በሽፋኑ ቀለምና ውፍረት ይለዋወጣል። ኃይል ለመለካት ፓወር ሜትር አለ።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን አዲሱ ክር ነው። በየቤቱ የሚገባው ፋይበር በበር ጥግና በግድግዳ ማዕዘን ስለሚጠመዘዝ፣ ሲታጠፍ እንዳያፈስ ተደርጎ የተሠራ ነው። የድሮው ጂ.652 ከ30 ሚሊ ሜትር በታች በሆነ ራዲየስ እንዳይታጠፍ ይመከራል፤ ጂ.657 ከሚባሉት አንዳንዶቹ እስከ 5 ሚሊ ሜትር ይችላሉ። ለደንበኛው መልካም ነው። እኛ ግን የምንለካው የሚፈሰውን ነበር፤ የማያፈስ ክር ለአይደንቲፋየራችን ዝም ይላል። ያ ብርሃን ደግሞ በስፕሊተር ለ32 ወይም ለ64 ቤት ተከፋፍሎ የመጣ ከሆነ ቀድሞውንም ደካማ ነው። እንዲህ ያለ ኮር ላይ «የለም»ን ተማምኖ መቀስ ማንሳት ለእኔ ድፍረት ነው።

አንዳንዱ ኮር ደግሞ በእርግጥ ብርሃን የለበትም፣ ነገር ግን ትርፍ አይደለም። ዋናው መስመር ሲወድቅ እንዲተካ የተያዘ መጠባበቂያ አለ፤ ዋናው ደኅና እስከሆነ ድረስ ጨለማ ሆኖ የሚቆይበት አሠራር አለ። ዛሬ ቢቆረጥ ማንም አይደውልም። ዋናው የሚወድቅበት ቀን ሲመጣ ነው ጉዱ።

ብልሽት ሲመጣ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። በክረምት ናዳ ወርዶ ሊማሊሞ ላይ ኬብል ተበጠሰ እንበል። ከቁርጡ በታች፣ በዛሪማ በኩል፣ ክሎዠር ከፍተን ብንለካ ከጎንደር ወገን የሚመጣ ብርሃን በሙሉ ጠፍቷል። የሚሠራው መስመር አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ኮር ነው፤ አንዱ ሲያመጣ ሌላው ይወስዳል። ስለዚህ ከአዲ አርቃይ ወደ ላይ የሚልኩት ይበራሉ፣ አጣማሪዎቻቸው ግን ከትርፎቹ ጋር አብረው ጨልመዋል። የበሩትን ብቻ ቆጥሮ «የሚሠሩት እነዚህ ናቸው» ያለ ሰው ግማሹን ስቷል። ረጅም ርቀት የሚሄዱት ማጉያ ያላቸው መሣሪያዎች ደግሞ መስመር መቆረጡን ሲያውቁ ለሠራተኛው ዓይን ሲባል ሌዘራቸውን ራሳቸው ይቀንሳሉ ወይም ያጠፋሉ። ያን ጊዜ ዋናው ኮር ከሁሉም የጨለመው ሆኖ ይገኛል።

እንግዲህ ያለው መንገድ «የለም»ን ወደ «አለ» መለወጥ ነው። አዲ አርቃይ ያለው ባልደረባ በጣቢያው ክሮቹ የሚያርፉበት መደርደሪያ፣ ኦዲኤፉ፣ ጋ ሄዶ አንዱን ኮር ከመሣሪያው ይነቅልና በብርሃን ምንጭ 2 ኪሎ ኸርትዝ የሚርገበገብ ምልክት ይለቅበታል። አይደንቲፋየሩ ይህን ከሌላው ብርሃን ለይቶ ያውቀዋል፣ ሲያገኘውም ይጮኻል። የጮኸው ኮር ማንነቱ ታወቀ፣ ቴፕ ላይ ይጻፋል፣ ወደሚቀጥለው ይታለፋል። አድካሚ ነው፣ ግን ግምት የለበትም።

አስቸጋሪው ባልደረባውን ማግኘቱ ነው። የዛሪማ ማማም ቢሆን የሚነጋገረው በዚያው በተበጠሰው ኬብል ሊሆን ስለሚችል፣ ኬብሉን ለመጠገን የምንደዋወልበት ስልክ አብሮት ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ከደባርቅ ሳንወጣ፣ ኔትወርክ ካለበት ቦታ፣ በሌላ መንገድም ቢሆን መልእክት ልከን እንስማማለን፦ ከ4:00 እስከ 4:15 ሰማያዊው፣ እስከ 4:30 ብርቱካናማው፣ እስከ 4:45 አረንጓዴው፣ ብሰማም ባልሰማም አንተ ቀጥል። በሐበሻ ሰዓት መሆኑንም ለይተን እንነጋገራለን፤ ጣቢያው ውስጥ መሣሪያዎቹ የሚያሳዩት ሰዓት የፈረንጅ ነውና።